ውኃ ቀጂው አምበል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዋዜማ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ተፈቅዶልኝ ነበር። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ አንዱ ስለ ዓባይ ወንዝ፥ ሌላዋ ስለ ሕክምና ጥበብ አሰምተውናል። እኔ የመረጥሁት እግር ኳስን ነው። ይህን ስናገር በኋላ መደዳ ያሉት የክፍል ጓደኞቼ ሲጠቃቀሱ፥ በፊት መደዳ ከተቀመጡት አባቶች ደግሞ አንዳንዶቹ ግንባራቸውን ሲቋጥሩ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። አባቴም ከነዚሁ አንዱ ናቸው፤ «ኳስ እንጀራ አይሆንም» እያሉኝ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ ብዬ እለምናለሁ።

የምናገርለት ሰው ፈረንሳዊው ዲዲዬ ዴሾ ነው። ይህ ሰው ወጣትነቱን በመሐል ሜዳ ተጫዋችነት ካሳለፈ በኋላ አሠልጣኝ ሆኗል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ወደዚህ ሰው ታሪክ ያደረሰኝ ኵርፊያ ነው። ባለፈው ዓመት የስፖርት መምህራችን ከአጥቂነት አንሥተው በመሐል ሜዳ አቆሙኝ። ግብ ማግባት የለመደ ልጅ ከግቡ ሲርቅ ምን እንደሚሰማው የተጫወታችሁ ታውቃላችሁ። ሦስት ቀን ልምምድ ቀረሁ፤ በአራተኛው ቀን ናፍቆቱ ስላሸነፈኝ ተመለስሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ስለ ዴሾ እንዳነብ መከረኝ። ለማጽናናት ይሁን ለማሾፍ እስካሁን አልነገረኝም።

ዴሾ በኦክቶበር 15 ቀን 1968 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፥ ባዮን በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚያ አገር ሰዎች አብልጠው የሚወዱት ራግቢን፥ ማለት ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ጨዋታ ነው። በ1983፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው፥ ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ናንት ወደሚባለው ክለብ ማሠልጠኛ ገባ። እኛ አዳሪ የሆንን ተማሪዎች የመጀመሪያዋን ሌሊት እናውቃታለን፤ ስለዚህ ስለርሷ አልናገርም። እዚያ ከጋና የተወለደ ማርሴል ደሳዪ የሚባል እኩያ ጓደኛ አገኘ። የደሳዪ ወንድም ሴት አዶንኮር የናንት ተጫዋች ሲሆን በ1984 በመኪና አደጋ ሞተ። በ1987 ደግሞ የዴሾ ታላቅ ወንድም ፊሊፕ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ዴሾ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር። ሁለቱ ሐዘንተኞች ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በአንድ ሜዳ ተሰልፈዋል።

እንግዲህ ኳስ ለማያዩ ወላጆች የመሐል ሜዳ ተጫዋች ሥራ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባኛል። ከ11 ሰዎች አንዱ በረኛ ነው፤ ከፊቱ ተከላካዮች አሉ፤ በወዲያኛው ጫፍ ግብ የሚያገቡት አጥቂዎች አሉ። በነዚህ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ባለቤት የሌለው መሬት ይመስላል። ዴሾ የሚቆመው እዚያ፥ ከተከላካዮቹ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነበር። ባላጋራ ኳስ ይዞ ሲመጣ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ሲችልም ይነጥቀዋል። ከነጠቀ በኋላ ግን ኳሱን ይዞ አይጫወትበትም፤ በዐሥር እርምጃ ርቀት ላለው ጓደኛው ወዲያውኑ ያቀብላል። የቀኝ ተከላካዩ ለማጥቃት ወደ ፊት ቢወጣ እርሱ የተወውን ቦታ ሄዶ ይጠብቃል። ኳሱ ከመድረሱም በፊት ግራና ቀኙን ተመልክቶ ማን ብቻውን እንደ ቆመ፥ ማን እንደ ደከመ አውቆ ይቈያል። ለዚህ ሁሉ ተመልካቹ አያጨበጭብለትም። ሥራውን በደንብ በሠራ ጊዜ የሚሆነው ነገር ቢኖር አደጋው አለመድረሱ ነው፤ ያልደረሰ አደጋ ደግሞ ማንም አያይም።

የዴሾ ቁመት 1 ሜትር ከ74 ነው። ሩጫው የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ኳስ በእግሩ ሲያንከባልል አይቶ አፉን የከፈተ ተመልካችም አልነበረም። ከ1989 እስከ 2000 ድረስ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን 103 ጊዜ ተጫውቶ ያገባው ግብ 4 ብቻ ነው። ይህን ቍጥር ሳነብ ኵርፊያዬ ትንሽ በረደ።

በ1993 በሜይ ወር፥ ዴሾ የ24 ዓመት ወጣት ሳለ፥ አምበል ሆኖ የመራው የማርሴይ ክለብ በሙኒክ ከተማ ሚላንን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ አገኘ። ከዚያ በፊት ይህን ዋንጫ ያገኘ የፈረንሳይ ክለብ አልነበረም። ደስታው ግን ብዙ አልቈየም፤ የማርሴይ መሪዎች በአገር ውስጥ ውድድር አንድን ጨዋታ በገንዘብ መግዛታቸው ተገልጦ ክለቡ የ1993ን የፈረንሳይ ሻምፒዮንነት ተነጠቀ፥ በኋላም ወደ ሁለተኛው ክፍል ወረደ። የአውሮፓው ዋንጫ ግን ቀረለት።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ሆነ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቈይ። በኖቬምበር 17 ቀን ፈረንሳይና ቡልጋርያ በፓሪስ ተገናኙ። ፈረንሳይ በ1994 አሜሪካ ወደሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለመሄድ እኩል መውጣት ይበቃት ነበር። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስም 1 ለ 1 ነበሩ። በዚያች ደቂቃ አንድ ፈረንሳዊ ተጫዋች በቡልጋርያ ሜዳ ጥግ አጠገብ ኳስ ያዘ። ስሙን አልጠራም፤ በአገሩ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠርቷልና። ኳሱን እዚያው ይዞ ጊዜውን ማሳለፍ ሲችል አሻገረው፤ የሚቀበለው አልነበረም። ቡልጋርያዎች ኳሱን አግኝተው ወደ ፊት ላኩት፤ ኮስታዲኖቭ የተባለው አጥቂ እየሮጠ መትቶ አገባው። 2 ለ 1። ዴሾ በዚያች ሌሊት በሜዳው ላይ ነበር። አንዲት ኳስ ያለ አሳብ በመሰጠቷ ስንት ሰው ምን ያህል እንደሚከፍል አየ። በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ የሠራውን ሁሉ ስመለከት ያች ደቂቃ ከዐይኑ የጠፋች አይመስለኝም።

የፈረንሳይን አንዷን ግብ በዚያች ሌሊት ያገባው ኤሪክ ካንቶና ነበር። ካንቶና ባለ ግርማ፥ ሕዝብ የሚያመልከው ተጫዋች ነው። በ1996 የእርሱ ማንቸስተር ዩናይትድና የዴሾ ዩቬንቱስ በአውሮፓ ውድድር ሊገናኙ ሲሉ ስለ ቀድሞ ጓደኛው ተጠይቆ፥ ዴሾ ከውኃ ቀጂነት የማያልፍ ሰው ነው፥ እንዲህ ያለ ተጫዋች በየመንገዱ ጥግ ይገኛል ብሎ ተናገረ። ዴሾም በየመንገዱ ጥግ ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ ያለው ሰው ስንት ይገኛል ብሎ መለሰ ይባላል። በዚያው ዓመት ከዩቬንቱስ ጋራ ሁለተኛውን አግኝቶ ነበርና።

«ውኃ ቀጂ» የሚለው ስድብ ከብስክሌት እሽቅድምድም የመጣ ነው። በፈረንሳይ ታላቅ የብስክሌት ውድድር ለቡድኑ መሪ የውኃ ጠርሙስ እያመላለሰ የሚያቀብለውን ጋላቢ እንዲህ ይሉታል። ጥንትም ቢሆን ቃሉ ክብር አልነበረውም፤ በመጽሐፈ ኢያሱ የገባዖን ሰዎች ውኃ ቀጂ እንዲሆኑ የተፈረደባቸው ለቅጣት ነው።

እኔ ግን ይህን ስድብ ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለችኝ እኅቴ ናት። በቤታችን ውኃ የምትቀዳው እርሷ ነበረች። ምንጩ ከቁልቁለቱ በታች ነው። እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ከደጃፋችን ሆነን እናያታለን። እሳቱ ቢነድ፥ ዱቄቱ ቢነፋ፥ እንግዳው ቢቀመጥ፥ እርሷ እስክትደርስ ድረስ የሚሠራ ነገር የለም። ከዚህም በላይ በቤቱ ውስጥ ከሁላችን አብልጣ የምታውቀው እርሷ ናት፤ በጋኑ ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ፥ ለእንግዳ እግር መታጠቢያ ስንት እንደሚያስፈልግ፥ ምንጩ በስንት ሰዓት እንደሚደፈርስ ታውቃለች። ጠይቀናት ግን አናውቅም። እኔም ወንድ ልጅ ነህ ተብዬ አንድ ቀን እንኳ አልቀዳሁላትም። ዛሬ እናቴና አባቴ እዚህ ሲመጡ ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበርና እኅቴ በዚህ አዳራሽ የለችም።

ካንቶና ያልቈጠረው ይህ ይመስለኛል። ውኃ የሚያመላልስ ሰው ቤቱን ሁሉ ያውቃል። በ1998 ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን በአገሯ ስታዘጋጅ አሠልጣኙ ኤሜ ዣኬ አምበልነቱን ለዴሾ ሰጡት። በጁላይ 12 ቀን ብራዚልን 3 ለ 0 አሸነፉ። ሁለቱን ግብ በራሱ ያገባው ዚዳን ነው፤ በዚያች ሌሊት በፓሪስ ከተማ ትልቅ ሕንጻ ላይ በመብራት የታየውም የዚዳን መልክ ነበር። ይህም ተገቢ ነው፤ እንደ ዚዳን የሚጫወት ሰው ብዙ አልተፈጠረም። ዋንጫውን ከሁሉ በፊት ያነሣው ግን ከበስተኋላው ቆሞ ኳስ ሲነጥቅ የዋለው አምበል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳይ ኢጣልያን 2 ለ 1 አሸንፋ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደች፤ ዴሾም ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። በእንግሊዝ በቼልሲ፥ በእስጳንያ በቫሌንሲያ ጥቂት ተጫውቶ በ2001፥ በ32 ዓመቱ ጨዋታን አቆመ።

በዚያው ዓመት የሞናኮ ክለብ አሠልጣኝ ሆነ። ብዙ ሰው አሠልጣኝነትን ለታዋቂ ተጫዋች የሚሰጥ የጡረታ ደመወዝ ያስመስለዋል። የሆነው ግን እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ18 ክለቦች 15ኛ ወጣ። እንደ እኔ ቢሆን አኵርፎ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሁለተኛ ሆነ፤ በ2004ም ሪያል ማድሪድንና ቼልሲን ጥሎ ለአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ፖርቶ 3 ለ 0 አሸነፈው።

ስለ ዩቬንቱስና ስለ ማርሴይ አላስረዝምም። ዩቬንቱስ በ2006 በዳኞች ምደባ ቅሌት ምክንያት ወደ ሁለተኛው ክፍል ሲወርድ፥ በነጥብ ዕዳ ተነሥቶ ቡድኑን በአንድ ዓመት መለሰው፤ ከመሪዎቹ ጋራ ስላልተስማማ ግን ወዲያውኑ ለቀቀ። ማርሴይን በ2010 ከ18 ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ሻምፒዮን አደረገው።

በ2012 የፈረንሳይን ብሔራዊ ቡድን ተረከበ። ቡድኑ በዚያን ዘመን የሕዝብ መሣቂያ ነበር፤ በ2010 በደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾቹ ከአውቶቡስ አንወርድም፥ ልምምድም አንሠራም ብለው አድመው ነበርና። በ2013 ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከዩክሬን ጋራ ሁለት ጨዋታ ደረሰባቸው። የመጀመሪያውን በኪየቭ 2 ለ 0 ተሸነፉ። መልሱ በፓሪስ አጠገብ በኖቬምበር 19 ቀን ሆነ፤ የቡልጋርያው ሌሊት ከሆነ ልክ 20 ዓመት ከ2 ቀን በኋላ ማለት ነው። ያን ጊዜ በሜዳው ላይ የነበረው ወጣት አሁን በሜዳው ዳር ቆሟል። በዚያች ቀን 3 ለ 0 አሸነፉ።

ስለ ሰው ስንናገር የሚያምረውን ብቻ መርጠን ማውራት አይገባም። ዴሾ ጨካኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካሪም ቤንዜማ የዘመኑ ታላቅ አጥቂ ነበር። በ2015 ከአንድ የቡድን ጓደኛው ጋራ በተያያዘ የፍርድ ቤት ጕዳይ ስሙ ሲነሣ ከቡድኑ ወጣ፤ ከአምስት ዓመት በላይም አልተመለሰም። ቤንዜማ በ2016 አሠልጣኙ ለዘረኞች ግፊት ተንበረከከ ብሎ ተናገረ፤ በዚያው ሰሞን ዴሾ በባሕር ዳርቻ ባለው ቤቱ ግድግዳ ላይ «ዘረኛ» የሚል ጽሕፈት ተገኘ። ይህ ቃል እንዳቈሰለው ራሱ ተናግሯል። እኔ ከሁለቱ ማን እውነት እንዳለው ልፈርድ አልችልም። የማውቀው ዴሾ በ2021 ቤንዜማን መልሶ እንደ ጠራው ነው። በ2016 ያለ ቤንዜማ በገዛ አገሩ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በፖርቱጋል 1 ለ 0 ተሸንፏል፤ ተመልካቹ ያ ሰው ቢኖር ኖሮ ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ከዚያ 2018 መጣ። በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የፈረንሳይ አጥቂ ኦሊቪዬ ዢሩ በሰባቱም ጨዋታ ተሰልፎ አንድም ግብ አላገባም። ጋዜጠኞች አላገጡበት፤ ዴሾ ግን አላወጣውም። ዢሩ የባላጋራን ተከላካዮች ወደ ራሱ እየሳበ ለ19 ዓመቱ ለምባፔ መንገድ ይከፍት ነበር፤ ይህን ለማየት ውኃ የቀዳ ሰው ዐይን ያስፈልጋል። በመሐል ሜዳ ደግሞ ንጎሎ ካንቴ የሚባል አጭር፥ ዓይነ አፋር ተጫዋች ነበረ፤ የዴሾን የድሮ ሥራ ከዴሾ አብልጦ የሚሠራ። ቤልጅጎች በግማሽ ፍጻሜው 1 ለ 0 ተሸንፈው ፈረንሳዮች ሲከላከሉ ብቻ ዋሉ ብለው ተማረሩ።

በጁላይ 15 ቀን በሞስኮ ፍጻሜው ከክሮኤሽያ ጋራ ሆነ። ፈረንሳይ 2 ለ 1 እየመራች በ55ኛው ደቂቃ ዴሾ አንድ ተጫዋች አወጣ። ማንን እንዳወጣ ገምቱ። ካንቴን። ካንቴ ማስጠንቀቂያ አይቶ ነበር፤ እግሩም እንደ ወትሮው አልሆነለትም። ይህን ስመለከት ልቤ አዘነ። ውኃ ቀጂ የነበረው ጌታ ሲሆን መጀመሪያ ያስወጣው ውኃ ቀጂውን ነው ብዬ ተቈጣሁ። ነገር ግን ተክቶት የገባው ረጅሙ ንዞንዚ መሐሉን ያዘ፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ፖግባና ምባፔ ጨምረው 4 ለ 1 ሆነ፤ ጨዋታውም 4 ለ 2 አለቀ። እኔ ብሆን አላወጣውም ነበር፤ እኔ ብሆን ዋንጫውን አጣ ነበር ይሆናል።

በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም የዓለምን ዋንጫ ያገኙ ሰዎች ከዚያ በፊት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ብራዚላዊው ማርዮ ዛጋሎና ጀርመናዊው ፍራንዝ ቤከንባወር። ሁለቱም በ2024 በጃንዋሪ ወር፥ አንዱ በ5፥ አንዱ በ7 ቀን ዐረፉ።

በ2022 በካታር ዴሾ ሌላ ፍጻሜ ደረሰ። አርጀንቲና 2 ለ 0 ስትመራ ዕረፍት እስኪሆን አልጠበቀም፤ በ41ኛው ደቂቃ ዢሩንና ደምቤሌን በአንድ ጊዜ አወጣ። ለዢሩ በ2018 የታገሠው ያው ሰው ነው። ምባፔ ሦስት ግብ አግብቶ 3 ለ 3 ሆኑ፤ በፍጹም ቅጣት ምት ግን አርጀንቲና 4 ለ 2 አሸነፈች።

እውነቱን ለመናገር የዴሾ ቡድን ሲጫወት ሁልጊዜ ደስ አይለኝም። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ፈረንሳይ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው በሁለት ባላጋራ በገዛ መረቡ ባስቈጠረው ግብና በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ያን ሁሉ ፈጣን ወጣት ይዞ እንዲህ መጠንቀቅ ስስት ይመስላል። ጓደኞቼ በዚህ ሲሟገቱኝ መልስ የለኝም፤ የቡልጋርያውን ሌሊት ከመንገር በቀር። በጃንዋሪ 2025 ከ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ ሥራውን እንደሚለቅ ራሱ አስታወቀ።

አባቴ አሁን ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፤ ግንባራቸው ግን ትንሽ የተፈታ ይመስለኛል። ነገ በዘጠኝ ሰዓት የ12ኛ ክፍል ቡድን ከመምህራን ቡድን ጋራ ይጫወታል፤ ወላጆችም ተጋብዛችኋል። እኔን የምትፈልጉ ከግቡ ዘንድ አትፈልጉኝ፤ በመሐል ሜዳ 6 ቍጥር የለበስሁት ነኝ። ለእኅቴ ደግሞ ለዕረፍት ስመለስ የምነግራት አንድ ነገር አለኝ፤ እንስራው የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።